አያ ይማም ወንፈል የመለሱበት ጨዋታ

ባለፈው ሰሞን የዓይን መድኃኒት ልገዛ ወልድያ ሄጄ፣ የመርሳው ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ አንድ ጫማ ሰፊ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ነበር። ልጁ የደረቀ ቆዳ በሞራ እያሸ ያለሰልሳል። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ሚኒባሱንም መድኃኒቱንም ረሳሁት። ሞራ የጠጣ ቆዳ ፀሐይ ሲመታው የሚሰጠው ሽታ ለሌላ ሰው ደስ ላይል ይችላል፤ ለኔ ግን የኳስ ሽታ ነው። በኛ ጊዜ ኳስ እንዲህ ነበር የሚሸተው። «ልጄ፣ ኳስም ትሰፋለህ?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። «አባባ፣ አሁን ኳስ ማን ያሰፋል? ሲቀደድ ይጣላል» አለኝ። ልክ ነው። ወዲያው የዩኒቨርሲቲ ልጆች ባጃጅ ውስጥ ተደራርበው አለፉ። ሁሉም ማልያ ለብሰዋል፣ ጀርባቸው ላይ ስም ተጽፎበታል፤ የአገራችን ሰው ስም ግን አላየሁበትም። ደስ ይላሉ፣ ዕድሜ ይስጣቸው። እኔ ግን እነሱን እያየሁ በልቤ የማየው ጎመኖቹን ነበር።

ጎመኖቹ የምላችሁ በዚያ ዘመን የመርሳ ተማሪዎች የኳስ ቡድን ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። እኔ አራተኛ ክፍል ደርሼ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ጽሑፍም የልጅ ልጄ ናት ፊደሉን የምታርምልኝ። ማን ይገዛ እንደነበር ስትጠይቀኝ አምታትቼባት ተሳሳቅን። ሻይ በአሥር ሳንቲም እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። ስሙኒ ካለህ ሻይህን ከነብስኩቱ ጠጥተህ፣ ወንበርህን ወደ መንገዱ አዙረህ፣ ከደሴ የሚመጣውን አውቶቡስ እንደ ጌታ ትጠብቃለህ። ጎረምሳው ሁሉ ሱሪው ከታች ሰፍቶ አፈር የሚጠርግበት ጊዜ ነበር። ቴትሮን ሸሚዝ ያለው ሰው ሳይተኩሰው ለብሶት ይወጣል፣ አይጨማደድማ! መንገድ ዳር ያለችው ሻይ ቤት ሬዲዮዋን መስኮት ላይ ታስቀምጣለች። አመሻሽ ላይ የአምባሰል ዘፈን ሲመጣ ጋሪ ነጂው ጋሪውን ያቆማል፣ እኔም የወፍጮውን ሞተር ባጠፋው ምን አለ እላለሁ። የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ከራሴ እስከ እግሬ ዱቄት ስለምሆን ልጃገረዶቹ ስሜን ጠርተው «ጌታው ሳይሸብት ሸበተ» እያሉ ያልፉኝ ነበር። አሁን እውነተኛው ሽበት ሲመጣ የሚለው ጠፋ።

ከወፍጮው በስተጀርባ አንዲት ክፍል ነበረችኝ። ከገጠር የመጣ ተማሪ ከተማ ውስጥ ጥግ ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አገሩ ወርዶ የሳምንት ስንቁን ተሸክሞ ይመጣል፤ ዛሬም ቢሆን እንደዚያው ነው። እኔ ጋ ያደረው ሰይድ ነበር። ግራና የምትባለው ከተማ አጠገብ ያለው የትውልድ መንደራችን አንድ ነው፤ የአባቱ የአያ ይማም ማሳና የአባቴ ማሳ ድንበርተኛ ነው። ሰይድ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እጁ ከቁመቱ የቀደመ ልጅ ነበር። ከጨቅላነቱ ጀምሮ ማሽላ ማሳ መሃል ማማ ላይ ቆሞ ወፍ ሲጠብቅ ስላደገ ዓይኑ የሚበር ነገር አያመልጠውም። አንድ ቀን መኪና ላይ ያለው ሰው የተጠቀለለ ባዶ ጆንያ ወደ ወፍጮው ሲወረውር ሰይድ ከታች ቆሞ አንዱንም መሬት ሳያስነካ ይቀልባል። የስፖርት አስተማሪው መምህር ሐጎስ፣ የቆቦ ሰው፣ ዱቄቱን ሊወስድ መጥቶ ቆሞ አየው። ዱቄቱን ረሳና «ይሄ ልጅ የማን ነው?» አለኝ። «የአያ ይማም ልጅ» አልኩት። «ከዛሬ ጀምሮ የኔ በረኛ ነው» አለ። የዚያን ቀን ዱቄቱን ቤቱ ድረስ ያደረስኩለት እኔ ነኝ።

ጎመን የተባሉበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ማልያ የሚባል ነገር ስላልነበረ መምህር ሐጎስ ነጭ ካናቴራ ሰብስቦ፣ ከገበያ አረንጓዴ ቀለም ገዝቶ፣ በርሜል ውስጥ ቀቀለው። ሲደርቅ አማረ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ውጫሌ ሄደው ሲጫወቱ ዝናብ ጣለ። ቀለሙ ከካናቴራው ወደ ቁምጣው፣ ከቁምጣው ወደ እግራቸው ወረደ። የውጫሌ ሰው በሳቅ ሞተ። «ኧረ ጎመኑ ሳይበስል ወጣ!» «ጨው ጨምሩበት!» ይላል። እነሱ ግን እንደዚያ ሆነው ሁለት ለአንድ አሸነፉ። በእህል መኪና ጭነት ላይ ቆመው ሲመለሱ ራሳቸው «ጎመን! ጎመን!» እያሉ ነበር መርሳ የገቡት። ሽራ ጫማ ያለው በሽራ፣ የሌለው በባዶ እግሩ ነው የሚጫወተው። ኳሷ ደግሞ አንዲት ነች፤ ውስጧ ያለው ከመነዳሪ በፈነዳ ቁጥር የብስክሌት ጠጋኙ ጋ ትሄዳለች፣ ቆዳዋ እንዳይሰነጠቅ ማታ ማታ ሞራ የምቀባት እኔ ነበርኩ። ማንም አላዘዘኝም። ክፍሌ ውስጥ ከሰይድ ራስጌ ትቀመጣለች፤ ሦስት ሆነን ነበር የምናድረው ማለት ይቻላል።

ቆቦ ላይ የሆነውን ሳልነግራችሁ ባልፍ ደግሞ መምህር ሐጎስ ይታዘበኛል። አባቱ ቆቦ ላይ ሱቅ ያላቸው ትልቅ ሰው ነበሩ። የልጃቸው ቡድን ሲመጣ ሱቃቸውን ዘግተው ወጡና ከፊት ቆሙ፤ የሚደግፉት ግን ቆቦን ነው። ጎመኖቹ ጎል ባገቡ ቁጥር «ሐጎስ! እናትህ ምሳ የምትሰጥህ እንዳይመስልህ!» ብለው ይጮኻሉ። አሸነፍን። ምሳውን ግን እናትየው ለመላው ቡድን ሰጡ፤ አባትየውም ከጎናችን ተቀምጠው እየተቆጡ አጎረሱን። እኔም የወፍጮውን ጌታ አስፈቅጄ፣ አንዳንዴም ሳላስፈቅድ፣ አብሬ የማልሄድበት ቦታ አልነበረም። ልጆቹ ተጫውተው ሳይሆን እርስ በርሳቸው ተከባብረው ያሸንፉ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ኳስ የሳተውን ልጅ የሚሰድብ ከመሃላቸው አልሰማሁም። እንዲህ እንዲህ እያሉ መጨረሻው ላይ ከወልድያ ጋር ለዋንጫ ደረሱ፤ ጨዋታውም እኛው ጋ፣ መርሳ፣ እሁድ ከሰዓት ሆነ።

የወልድያዎቹ ታኬታ ያለው እውነተኛ የኳስ ጫማና እስከ ጉልበት የሚደርስ ካልሲ ነበራቸው። እኛ የፈራነው ግን ካልሲውን አልነበረም። ሐሙስ ዕለት አያ ይማም ድንገት ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው ታጥቀዋል፣ ዱላቸው ትከሻቸው ላይ ነው። ሰላምታ እንኳ ሳያስረዝሙ «ግሪሳ ከቆላ ተነሥቷል» አሉኝ። ግሪሳን የማያውቅ ሰው ካለ፣ እንደ ደመና የሚመጣ ትንሽ ወፍ ነው፤ የደረሰ ማሽላ ላይ ካረፈ ለባለቤቱ አገዳውን ብቻ ትቶለት ይነሣል። «ማሽላዬ ደርሷል። ሰይድ አሁኑኑ ይምጣ። ወዲያም አይመለስም።»

«ለስንት ቀን ነው አያ ይማም?» አልኳቸው።

«አይመለስም አልኩህ እኮ። ማንበብ ያውቃል፣ መጻፍ ያውቃል፤ በቃ። ታላቅ ወንድሙ አሰብ ሥራ ብሎ ሄዶ ቀረ። እኔ ሰው የለኝም ጌታው። ብቻዬን ማጭድ ይዤ ከወፍ ጋር ልሟገት?»

ሰይድ ከኋላዬ ቆሟል። መጽሐፎቹን በገመድ ማሰር ጀመረ። አባት ሲናገር ልጅ አይመልስም፣ በኛ አገር እንዲያ ነው። እኔ ሮጬ መምህር ሐጎስን ጠራሁት። መጥቶ እጅ ነሣና፣ ስለ ትምህርት ጥቅም ይሰብካል ብዬ ስጠብቅ፣ «ማሽላውን በአንድ ቀን ለማንሣት ስንት ሰው ይበቃል አያ ይማም?» አላቸው።

«አሥር ጎበዝ ቢኖረኝማ ምን አስቸገረኝ።»

«ቅዳሜ አሥራ አንድ ይዤልዎት እመጣለሁ።»

አያ ይማም ከላይ እስከ ታች አዩት። «ተማሪ?» አሉና ሰይድን ይዘው ሄዱ። ያን ዕለት ማታ ክፍሌ ውስጥ ሁለት ሆነን አደርን፣ እኔና ኳሷ።

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ በእህል መኪናው ተጭነን ወረድን። ኧረ ያን ቀን ብታዩት! የመንደሩ ልጆች የሆኑት ማጭዱን ያውቁታል። የከተማዎቹ ግን አያድርስ ነው። ከነሱ አንዱ፣ የልብስ ሰፊው ልጅ፣ የማሽላውን ራስ ቆርጦ መጣል ሲገባው አገዳውን ከሥር እያጨደ ተሸክሞ ሲዞር፣ ሴቶቹ «ኧረ ይሄ ልጅ ማሽላውን ሊድር ነው እንዴ እንዲህ የሚያጅበው!» እያሉ በሳቅ ወደቁ። መምህር ሐጎስ ራሱ ካኪ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ። ሰይድ ከሁሉም ፊት ነው፤ የቡድኑ ልጆች ያመለጣቸውን ሁሉ እየተመለሰ እሱ ይቆርጣል። ያባቱን ማሳ ሥራ በጓደኞቹ ላይ ጥሎ መቆም አልሆነለትም። ቀትር ላይ ንፍሮና አጓት ቀረበ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማሳው ባዶ ሆነ፣ ክምሩም በአገዳ ተሸፈነ። ግሪሳው በማግሥቱ ሲያልፍ የሚያርፍበት አላገኘም።

አያ ይማም አመሰግናለሁ የሚሉ ሰው አይደሉም። ክምሩን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ ወደ መምህር ሐጎስ መጥተው «የናንተስ ቀን መቼ ነው?» አሉ።

«ነገ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት። ሰይድን ይፍቀዱልን።»

«ነገን ይጫወት። ከነገ ወዲያ ግን ልጄ የኔ ነው።»

መምህር ሐጎስ ስለ ኳሱ የጠየቁት መስሎት ነበር። እኔም እንዲያ መሰለኝ፤ የገበሬ ልጅ ሆኜ እንዴት እንዳልገባኝ ዛሬም ይገርመኛል። ወንፈል ማለት ዛሬ ለኔ፣ ነገ ላንተ ነው። አሥራ አንድ ሰው መጥቶ የሠራልህ እንደሆነ፣ አሥራ አንድ ሰው ይዘህ ሄደህ ትሠራለታለህ። ሳትመልስ ብትቀር በሚቀጥለው ዓመት ማሳህ ላይ የሚቆምልህ የለም፣ መንገድ ላይም ቀና ብለህ አትሄድም።

እሁድ የመርሳ ሰው ሁሉ ሜዳው ላይ ነው። ሜዳችን በአንድ ወገን መንገዱን፣ በሌላው ወገን የወንዙን ገደል ይዞ የተኛ ነበር። ወልድያዎቹ ካልሲያቸውን ስበው እየተሟሟቁ ሳለ በግራና መንገድ በኩል አቧራ ተነሣ። አያ ይማም ከፊት፣ የመንደሩ ጎበዞች ከኋላ፣ ገሚሱ ማጭድ ገሚሱ መቆፈሪያ ተሸክሞ፣ ሰተት ብለው ሜዳው መሃል ገቡ። እስላሙም ክርስቲያኑም አለበት። አንዱን ክርስቲያን ጎረቤታችንን «ሰንበት አይደለም እንዴ?» ስለው «እሁድ ማረስ ነው የተከለከለው፤ ኳስን ቄሱ አላነሡትም» አለኝ። አያ ይማም እጄን ያዙና ከሰዎቻቸው ጋር ቀላቀሉኝ። «አንድ ሰው ጎድሎኝ ነበር፤ አንተም የኛው ነህ» አሉኝ። ከዚያ ወደ መምህር ሐጎስ ዞረው፣

«አሰላሙ አለይኩም። አሥራ አንድ ሆነን መጥተናል። በየት በኩል እንሰማራ?» አሉ።

መጀመሪያ የሳቁት ወልድያዎች ናቸው። «መርሳ ቅያሪ አመጣች!» «ማጭዱን ዳኛው ይፈትሽ!» እያሉ ይንጫጫሉ። መምህር ሐጎስ ግን አልሳቀም። ሰውየው ለቀልድ እንዳልመጡ ፊታቸው ይናገራል። ወዲያ ወዲህ አየና ዓይኑ ገደሉ ላይ አረፈ። እዚያ ሜዳ ላይ የሚጫወት እንግዳ ቡድን ሁሉ የሚያውቃት ዘዴ ነበረች፤ ሲጨናነቅ ኳሷን ወደ ገደሉ መጠለዝ። ወርደው እስኪያመጧት ሰዓቱ ይበላል። «አያ ይማም፣» አለ፣ «የኛ ግሪሳ በዚያ በኩል ነው የሚመጣው። ኳሷ ገደል እንዳትገባ ጠብቁልን። ብትገባም ቶሎ መልሱልን።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ማጭዱን ክምር አድርገው አስቀመጡና ከገደሉ አፋፍ እስከ ወንዙ ተደረደሩ። እኔም መሃላቸው ነኝ። ጨዋታው ሲጀመር ወልድያዎች ኳሷን እንደ ልማዳቸው ወደ ገደሉ ለጉ፤ ከታች ያለው ቀልቦ ለላዩ፣ የላዩ ለሜዳው፤ የመታው ልጅ ዞሮ ሳይጨርስ ኳሷ እግሩ ሥር ተመልሳለች። ከዚያ ከጎበዞቹ አንዱ የሥራ ዜማ አወጣ፣ እኛ ተቀበልን፣ ሕዝቡ ተቀበለን። ወፍጮዬ እንኳ እንደዚያ ነጉዶ አያውቅም። አያ ይማም ግን ከኛ ጋር አልቆሙም። ሳናያቸው ሄደው ከልጃቸው ጎል ጀርባ ቆመዋል። ሰይድ አንዱን ኳስ ከጥግ ዘሎ ሲያወጣ ዱላቸው ከትከሻቸው ወረደ። ሁለተኛውን ሲያወጣ «ማሻ አላህ» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ከዕረፍት በኋላ ቡድኖቹ ጎል ሲቀያየሩ ትልቅ ችግር ተፈጠረ። አያ ይማም ሰይድ ሌላው ጎል ውስጥ ቆሞ ሲያዩ እየሮጡ መጡ። «ጌታው! ልጄን ለወልድያ ሰጡት እንዴ?»

«ኧረ የለም አያ ይማም፣ ቦታ ነው የተለዋወጡት። ደንቡ ነው።»

«እኩለ ቀን ላይ ማሳ የሚለወጥበት ምን ዓይነት ሥራ ነው!» አሉና ሜዳውን በዳር ዞረው እንደገና ከልጃቸው ጀርባ ቆሙ።

የወልድያ ልጆች ጎበዞች ነበሩ፣ አልዋሽም። የኛዎቹ ደግሞ የትናንቱ ማሳ ወገባቸው ውስጥ ነበር፤ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ጉልበቱን ይዞ ቆሞ ይተነፍሳል። እንደዚያም ሆነው አልወደቁም። የልብስ ሰፊው ልጅ እየተንከባለለ እየተነሣ ከባለ ታኬታው እግር ኳስ ሲነጥቅ፣ የወልድያው ደጋፊ እንኳ አጨበጨበለት። ዜሮ ለዜሮ ሆኖ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አንዱ የወልድያ ልጅ ከሩቅ ለጋት። ከባድ ምት አልነበረችም። ሰይድ ደርሶባታል፣ በሁለት እጁ ይዟታል፤ ከዚያ ከመዳፉ ሾልካ፣ ከክንዱ ሥር ገብታ፣ ቀስ ብላ መስመሩን አለፈች። ወዲያው ፊሽካ ተነፋ። አለቀ።

ሰይድ ጎሉ ላይ በግንባሩ ተደፋ። ልጆቹ መጥተው ከበቡት፣ አንዱም ምን ነካህ አላለውም። እኔ ስደርስ አያ ይማም ቀድመው ገብተዋል። ልባችን ፈራ። «ተነሥ» አሉት። ተነሣ። «እጅህን አምጣ።» አልሰጥም ብሎ ወደ ኋላው ደበቀ። ስበው አወጡና መዳፉን ገለጡት። የማጭዱ እጀታ አቁስሎ፣ የፈነዳው ቁስል ላይ ደምና ላብ ተቀላቅሏል። በዚያ እጅ ነበር ሲቀልብ የዋለው። ለማንም አልተናገረም፤ ለኔም፣ አብሬው ላደርኩት።

አያ ይማም ያንን እጅ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ።

«ኳስ ነው አያ ይማም፣ ያጋጥማል» አላቸው መምህር ሐጎስ።

«ኳስ አይደለም። ይሄ የኔ ማሽላ ነው» አሉ። ድምፃቸው እንደዚያ ዝቅ ብሎ ሰምቼ አላውቅም። «የኔ ገባልኝ፣ የናንተ አመለጣችሁ። ወንፈሉ አልተመለሰም መምህር። ለከርሞ እንዲህ ያለ ጨዋታ አላችሁ?»

«አለን። ግን ተማሪ ለሆነ ብቻ ነው…»

«አውቃለሁ ለተማሪ እንደሆነ።» ኩታቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ጠርዙን በጥርሳቸው ነክሰው ተረተሩት። አዲስ ኩታ ነበር፤ ለበዓል እንጂ የማይለብሱት። የልጃቸውን መዳፍ እየጠቀለሉ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«መጽሐፍህን ከቤት እልክልሃለሁ። ቅዳሜ ስንቅህን ልትወስድ ና። ማጭድ ግን እንዳትነካ።»